ላሜራው ሳይሸፍነው

ለእህቴ ልጅ፤

አይሱዙ ሻንሲ ከነጋቢናው መግዛትህን እናትህ ነገረችኝ። ቅጥቅጥ አሠርተህ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ልትሠራበት እንዳሰብክ፣ ቦዲ ቤት ስትጠይቅም አንዱ ቃሊቲ፣ አንዱ ሳሪስ፣ ሌላው እዚያው ደብረ ብርሃን እንደጠቆመህ ጨምራ አጫወተችኝ። እኔ ዕድሜዬን በመሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ረዳት ሆኜ የጀመርኩት በኤንትሬ ፊያት ዘመን ሲሆን፣ ካሶኒው ገና ጣውላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦዲ ሲሠራም ሲፈርስም አይቻለሁ። "የቱ ቤት ይሻላል?" ብለህ ላክህብኝ። የቤት ስም አልሰጥህም። ዋናው ባትላሜራ ጥሎ የወጣ ዕለት ቤቱ ከሰሌዳው በቀር ምንም አይቀረውም፤ እኔ የማውቃቸው እጆችም አሁን የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ። እንዴት እንደምትመርጥ ግን ልንገርህ።

1. ከዋጋ በፊት መንገድህን ንገራቸው።

ግቢያቸው እንደገባህ "በስንት ትሠሩልኛላችሁ?" አትበል። የምትሄድበትን መንገድ ቁጠርላቸው። ከደብረ ብርሃን ወጥተህ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ትገባለህ። ወደ መዘዞ ታጥፈህ፣ ሞላሌን አልፈህ መሐል ሜዳ ትደርሳለህ። ሰው ካገኘህና ወደ ግሼ ራቤል ከቀጠልክ ደግሞ የጓሳ ብርድ ይጠብቅሃል፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው። አንዳንድ ቀን መርሐቤቴ ኮንትራት ይመጣልሃል። ያኔ በሙከጡሪና በለሚ አድርገህ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ጀማ ትወርዳለህ፤ ወንዙን ተሻግረህ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ትወጣለህ።

ይህን ስትናገር የሰውየውን ፊት እይ። "ችግር የለም፣ የትም ይሄዳል" ብሎ ወደ ቀለም ምርጫ ከመራህ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ። የሚሆንህ ሰው ጥያቄ ያበዛል። ሞተሩ ቱርቦ ነው? ይልሃል። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል እንደሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ያውቃልና፣ የቦዲው ኪሎ ያሳስበዋል። ሞተር ፍሬኑ ይሠራል? ይልሃል። የጀማ ቁልቁለት ላይ በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ሸራው እንደሚግልና ፍሬኑ እንደሚከዳው ያውቃልና ነው። ከላይ ምን ትጭናለህ? የሚለውም አይቀርም፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

2. አጥንቱን አሳዩኝ በል።

ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህችን ያዝ። ያለቀና የተቀባ መኪና አይተህ ቤት አትምረጥ። ማገሩን ሳያይ ምርጉን የሚያደንቅ ሰው ቤት ሊገዛ አይገባውም። ግማሽ የደረሰ፣ ላሜራ ያልለበሰ ቅጥቅጥ አሳዩኝ በል። ጥሩ ቤት እንዲህ ያለ መኪና ግቢው ውስጥ አያጣም፣ ማሳየትም አያፍርም። "ሥራ ላይ ነን፣ ሌላ ቀን ና" ካሉህ ሌላ ቀን ሂድ። ሁለተኛም ከከለከሉህ የሚደብቁት አለ ማለት ነው።

አጥንቱ አጠገብ ስትቆም እነዚህን እይ። ቱቦላሬው ተቆርጦ አፉ ክፍት የሆነበት ቦታ አይጠፋምና ውፍረቱን በካሊፐር ለካ። ካሊፐር ከሌለህ ከእነሱ ተዋስ፤ ካሊፐር የሌለው ቦዲ ቤት ካጋጠመህ ምርጫህ ቀለለ። ለምሰሶና ለጣሪያ ቅስት 2 ሚሊ ነው ብለው የነገሩህ 1.2 ሆኖ ቢገኝ አትገረም፤ ላሜራ ከለበሰ በኋላ ማንም አይለካውምና። ቀጥሎ ብየዳውን ተመልከት። ምሰሶው ከወለሉ ጋር የተገናኘበት ቦታ ዙሪያውን ተበይዷል ወይስ በአራት ነጥብ ተነክቶ ታልፏል? ብየዳው እኩል ተኝቷል ወይስ እንደ ምስጥ ኩይሳ ተከምሯል? በግራይንደር ተልጎ ብረቱን ያስመሰለ ብየዳ ሲታይ ያምራል፣ ነገር ግን ጉልበቱ የነበረው በተላገው ላይ ነው። የምሰሶና የወለል መጋጠሚያ ላይ አትውደደው።

እንግዲህ የበያጁን እጅ የምታውቅባት አንዲት ነገር አለች። ጣሪያው ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ሰው ሜትር ይዘው ከፊት ግራ ማዕዘን እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ሲለኩ ካየህ ቆም በል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ አጥንቱ ተጣሟል ማለት ነው። ጥሩው አለቃ ያን ጊዜ ይሳደባል፤ የነኩትን ብየዳ ያስፈታል፤ በክሪክ ገፍቶ ያስተካክላል፤ እንደገና ያስለካል። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ አለቃ ለአንዲት ጣት ስፋት ልዩነት ጠዋት ሙሉ ሲያስፈታ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ባለመኪናው ተቆጣ፣ "ማን ያየዋል?" አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጠውም፣ ሜትሩን ብቻ ዘረጋ። ያ መኪና ዛሬም ይሠራል፤ በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። የተጣመመ አጥንት ላይ የተገጠመ በር ግን መዘዞ ሳይደርስ መንኳኳት ይጀምራል፣ መስታወቱም በክረምት ይሰነጠቃል።

ከላሜራው በፊት ፀረ ዝገት ተቀብቷል ወይ? የቱቦላሬው ውስጥስ? ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ስለማያጋጥማቸው በጠየቅህ ጊዜ በሌላ ዓይን ያዩሃል። ጥሩ ነው።

3. እምቢ የሚልህን ቤት ውደድ።

አንተ ወጣት ነህ፣ ዕዳም አለብህ፤ ብዙ ወንበር ትፈልጋለህ። የምትገባበት ቤት ሁሉ ይህን ከፊትህ ያነባል። አንዱ "ሻንሲውን ወደ ኋላ እንቀጥልህና 35 ሰው ይውጣልህ" ይልሃል። ይህ ጣፋጭ ቃል ነው፤ "አይሆንም" የሚልህ ቤት ግን ይሻልሃል።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ያዝ፣ ሻንጣና ማዳበሪያው 15 ኪሎ። ሻንሲው ሳይቀጠል የሚይዘው 29 ሰው ሲሆን 2,465 ኪሎ ይመጣል። ስድስት ወንበር ስትጨምር ሌላ 510 ኪሎ ጨመርክ፣ የቦዲውን ትርፍ ብረት ሳንቆጥር። ደግሞ ያ ሁሉ ጭነት ከኋላ ጎማ ወዲያ ነው የሚንጠለጠለው። ኋላ ሲከብድ ፊት ይቀልላል፤ መሪ የሚታዘዝህ በፊት ጎማ ነው። ጣርማ በር ዳገት ላይ፣ ዝናብ በመታው አስፋልት፣ መሪህ ቀልሎ ሲንሳፈፍ የዚያን ቤት ጣፋጭ ቃል ታስታውሰዋለህ። አይሱዙን ሰው "አልቃይዳ" ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ግን በእኔ ዕይታ ጥፋቱ ከመኪናው ይልቅ የሾፌሩና የጫኙ ነው፤ አንዳንዴም የቦዲ ሠሪው።

ሒሳቡን እንዲህ ሥራ። ፋብሪካው የለጠፋት ሰሌዳ ላይ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ጠቅላላ ኪሎ ተጽፏል። ከዚያ ላይ የባዶውን ሻንሲና ጋቢና ክብደት ቀንስ፤ የተሳፋሪውንና የዕቃውን ቀንስ። የቀረችው ለቦዲ የምትበቃው ኪሎ ናት። ይህን ወረቀት ይዘህ ግባና "ቦዲያችሁ ስንት ይመዝናል?" በል። የሠሩትን መኪና ሚዛን ላይ አውጥተው የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ከነሱ አንዱን ካገኘህ ወደ ሌላ አትሂድ።

ስለ ሻንሲውም አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካው ለቦዲ ሠሪዎች መመሪያ ያወጣል። የሻንሲውን የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር መብሳትም መበየድም አይፈቅድም። ብረቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነውና ብየዳ ሲያግለው ጉልበቱ ይወርዳል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ቦዲው በራሱ ምድር ብረት ላይ ተሠርቶ ከሻንሲው ጋር በጎባጣ ብሎን ይታሰራል። በመሃሉ ጎማ ወይም ጠንካራ እንጨት ይገባል። አለቃውን "ቦዲውን ከሻንሲው ጋር በምን ታያይዘዋለህ?" ብለህ ጠይቀው። "እንበይደዋለን፣ ጠንካራ ነው" ካለህ አመስግነህ ውጣ። ብየዳ ሲጀምሩ ባትሪውን የሚፈቱ መሆናቸውንም አጣራ፤ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር አለበት።

4. ስለ በግ።

ፖርቶ ባጋጅ ላይ በግ ሳይወጣ የመንዝ መኪና አይሆንም፤ ይህን አንተም እኔም እናውቃለን። የገና፣ የፋሲካና የአዲስ ዓመት ገበያ ሲደርስ ረዳትህ "ሃያ ሙክት ነው፣ ይከፍላሉ" ይልሃል። ሃያ ሙክትና አምስት ኩንታል ገብስ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የመኪናው ክብደት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው የሚገለበጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ፖርቶ ባጋጅህን አጭርና ዝቅ ያለ አስደርግ፤ መሰላሉንም ከኋላ ብቻ። ከወለሉ በታች፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ዕቃ መጫኛ ሣጥን አሠራ። ይህን ራሱ አስቦ የሚያነሳልህ ቤት ካለ ከመንዝ ሰው ጋር ሠርቶ ያውቃል ማለት ነው።

5. ባለቤቱን አትጠይቅ፣ ሦስት ዓመት የሠራ መኪናውን ጠይቅ።

አዲስ ቦዲ ሁሉ ያምራል። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሂድና ያ ቤት ከሦስት ከአራት ዓመት በፊት የሠራውን መኪና ፈልግ። ሾፌሩን ቡና ጋብዘው። ባለቤቱ ሳይሆን ሾፌሩ፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ያወጣ ነውና ተሞኘሁ ማለት አይወድም።

ከዚያ በኋለኛው በር ዙሪያ ጣትህን አሳልፍ። አቧራ የሚገባው ከፊት አይደለም፤ መኪና ሲሮጥ ከኋላው አየሩ ይሳሳና አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል። የኋላ መስታወት ጎማና የበሩ ግጥም ደካማ ከሆኑ የኋላ ተሳፋሪ ሞላሌ ሲደርስ ፊቱ አይለይም። በነሐሴ ከሄድክ የጣሪያውን ልብስ ቀና ብለህ እይ፤ ቡናማ ክብ ካለ ያፈስሳል። ዝገት በልቶት እንደሆነ ለማወቅ ከታች ተጎንብሰህ የጎማ መከለያውን ብረት አንኳኳ።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ኪስህ ያዝ። የኋላ ማዕዘንና የበሩ ታች ላይ አስጠጋት። ላሜራው ላይ ጥብቅ ትላለች፤ ስቱኮ በወፈረበት ትንሸራተታለች። ስቱኮ ትንሽ ለማስተካከያ ይገባል፣ አልቃወምም። ጣት ሙሉ ስቱኮ ያለበት ግን ባትላሜራው መቀጥቀጥ ያቃተውን በልጥፍ የሸፈነበት ነው፤ የመንዝ ብርድና ፀሐይ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ያስረግፈዋል።

6. አዲስ አበባ ወይስ ደብረ ብርሃን?

በዚህ ከሰው ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዕቃ ቢጎድል ሶማሌ ተራ ቅርብ ነው፤ ሁሉም ባለሙያ በአንድ ሰፈር ይገኛል። ግን ቦዲ የሚበላሸው በተረከብክ በሁለተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ 130 ኪሎ ሜትር ነድተህ፣ ስምሪትህን አቋርጠህ "ያ በር" እያልክ ተሰልፈህ መቆም ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ቤት ግን መናኸሪያው ውስጥ በየቀኑ ያይሃል፤ አንተም ታየዋለህ። ሥራው ሲበላሽ ወሬው እዚያው ይሰማል። ሁለቱ ሥራቸው እኩል ከሆነ እኔ ደብረ ብርሃንን እመርጣለሁ። እኩል ካልሆነ ደግሞ ቃሊቲም ሂድ። ቅርብ ነው ብለህ መጥፎ ብየዳ አትግዛ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርልህ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደው ወዲህ አሮጌ መኪና አውልቆ እንደ አዲስ ማልበስ አዋጭ ሆኗል። በዚያው ልክ ቦዲ ቤት ነኝ ባዩ በዝቷል፤ በር ሲበይድ የነበረ ሁሉ ዛሬ ቅጥቅጥ እሠራለሁ ይላል።

7. ገንዘብና ወረቀት።

የእቁብህን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ቀን አትክፈል። ቀብድ ስጥ፤ አጥንቱ ሲቆም ክፈል፤ ላሜራው ሲለብስ ክፈል፤ ጠቀም ያለችውን የመጨረሻዋን ሊብሬው እስኪስተካከል አቆያት። ከየክፍያው በፊት ሄደህ በዓይንህ እይ። እኔ ቀብዴን ተቀብሎ በእሱ የሌላ ሰው መኪና የጨረሰ ቤት አጋጥሞኛል፤ መኪናዬ ፋሲካን በግቢው ውስጥ ዋለ።

ውሉ ላይ የሚጻፈው "ጥሩ ቦዲ" አይደለም። የቱቦላሬው ውፍረት በሚሊ፣ የላሜራው ውፍረት፣ የወንበር ቁጥር፣ የመስታወቱ ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ለዘገየ ቀን የሚቀነሰው ገንዘብ፣ ከርክክብ በኋላ በነጻ የሚጠገነው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ውል ጻፍልኝ ሲባል "አታምነኝም እንዴ?" ብሎ የሚቆጣ ብዙ ነው፤ "አምንሃለሁ፣ ለእናቴ ላሳያት ነው" በለው። ለአዲስ ዓመት አድርሱልኝ ብለህም አታስቸኩላቸው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ሊብሬውን በተመለከተ ሥራ ሳይጀመር ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ፈቃዱን ጨርስ። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ መለያን፣ ምርመራንና ምዝገባን የሚመለከት ነው። ሊብሬህ ላይ የጭነት ተብሎ ተጽፎ ሰው ስትጭን ብትገኝ፣ ወይም አደጋ ደርሶ ኢንሹራንሱ ሲመረምር የወንበሩ ቁጥር ባይገጥም፣ ያኔ ቦዲ ቤቱ አጠገብህ አይኖርም። ቤቱ የብቃት ፈቃድ ያለው መሆኑንም በዚያው ቢሮ ጠይቅ።

8. ቀሪው።

የመብራት ገመድ ለየመስመሩ ፊውዝ ይኑረው፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥልጥል በጣሪያ ልብስ ውስጥ አያልፍ፤ መኪና የሚቃጠለው እንዲያ ነው። ለጣርማ በር ጉም ቢጫ መብራት ከፓራውልቱ ዝቅ ብሎ ይገጠም፤ ከላይ የተገጠመ ጉሙን ራሱን ያበራብሃል። ድንገተኛ አደጋ ቢመጣ ሰው የሚወጣበት ሁለተኛ በር ይኑር፤ በወንበር አትድፈነው። መስታወቱ ጥብቅ ይሁን፤ ተሳፋሪህ በርኖስ ለብሶ ቢገባም ከጓሳ የሚመጣ ነፋስ በርኖስ አያግደውም። ቀለሙን፣ የወንበር ልብሱን፣ የሚብለጨለጨውን መብራት እንደወደድክ አድርግ፤ የኋላ መስታወቱን ጥቅስም እንዲሁ፤ ብቻ እኔን የሚያሳፍር አይሁን።

9. ስትረከብ።

ሰው ሳትጭን አሸዋ ጫን። የምትይዘውን ተሳፋሪ ያህል ኪሎ በማዳበሪያ ሞልተህ ወንበሩ ላይ ደርድር። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጣውና የፊቱንና የኋላውን ጎማ ለየብቻ አስመዝን፤ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አስተያይ። ከዚያ የቤቱን አለቃ አጠገብህ አስቀምጠህ ጣርማ በር ድረስ ውጣ፤ ተመለስ። የሚንኳኳውን፣ የሚያፏጨውን፣ የሚጎትተውን በወረቀት ጻፍ። አብሬህ አልወጣም የሚል አለቃ ካጋጠመህ የመጨረሻዋን ክፍያ ለምን እንዳስቀመጥናት ያኔ ይገባሃል።

አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሠራህ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር ያሰሩት ብሎኖች ይላላሉ፤ የተለመደ ነው። ወደ ቤቱ መልሰህ አስጠብቃቸው። ለዚህ ገንዘብ ከጠየቁህ ክፈልና ሁለተኛ መኪናህን ስታሠራ ሌላ ቤት ሂድ።